ነጭ ማር ለሳል

«አንድ ማንኪያ ብቻ፣ አባታችን። ሳሉን ቆርጦ ይጥለዋል» ትላለች ጸሐይነሽ።

ቄስ አሥራተ ማርያም ሰቆጣ ሆስፒታል አልጋቸው ላይ የኦክሲጅን ጭንብላቸውን ገለጥ አድርገው አፋቸውን ይከፍታሉ። ነጩ ማር በጉሮሯቸው ይወርዳል። ትናንትም እንዲሁ ሲውጡ ነው የዋሉት። እንዴት እምቢ ይበሉ? ጸሐይነሽ ለልጆቿ ሳታቀምስ ከደሃና ድረስ ይዛላቸው የመጣች የደብራቸው ምእመን ናት። አልፈልግም ቢሉ ለምን ትላለች፤ ለምኑ ነው ጭንቁ።

ለምኑን የሚያውቁት እሳቸውና አንድ የወልዲያ ሐኪም ብቻ ናቸው። ቄሱ የስኳር ሕመም አለባቸው። ክኒኑን ከሚስታቸው እንኳ ደብቀው ሲውጡ ኖረዋል። በዚህ አገር ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው። ምእመኑ ለእርዳታ ስንዴ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲውል «ቄሱን ስኳር ያዛቸው» ከተባለ፣ የድሃውን መባ ለብቻቸው ሲበሉ የኖሩ ሊመስል ነው። የሰው አፍ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም።

ዶክተር ማንደፍሮ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል። ነርሷ ያለምዘውድ፣ ከቄሱ ጣት ደም ወስዳ ስኳራቸውን የለካችበትን መሣሪያ እንደያዘች ከኋላው ትከተላለች።

«አምስት መቶ ሰማንያ!» ይላል ዶክተሩ። «ስኳር እንዳለባቸው ሳትጠይቂ ነው መርፌውን የጀመርሽላቸው?»

«ጠይቄያቸዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ጠይቀሽ ነው?»

«እዚሁ ቆሜ። ጠያቂዎቻቸውም ነበሩ። የለብኝም ብለውኛል።»

«ቄስ ዋሹ ነው የምትይኝ? ሳንባቸውን ያሳበጠው ቫይረስ ነው። እብጠቱን ለማብረድ የሰጠናቸው መርፌ ደግሞ ስኳር ይሰቅላል። ስኳሩ ሲሰቀል ሰውነታቸው ቫይረሱን መዋጋት ያቅተዋል። ብናውቅ ኖሮ ከመጀመሪያው ኢንሱሊን አብረን እንሰጣቸው ነበር። በዚህ ከሞቱ በማን ሊሳበብ ነው?»

ያለምዘውድ አንገቷን ትደፋለች። ሌሊቱን ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደግፋ ስታስቀምጣቸው ያደረችው እሷ ናት። የሥራ መጀመሪያዋ እንደሆነም ነግራቸዋለች።

ዝም ብል ያልፋል፤ ልጅ ናት፣ ተቆጥተው ይተዋታል። ቄሱ ይህን ያስባሉ። ወዲያው ያሰቡትን ይሰሙትና ላብ ያጠምቃቸዋል። ስንት ሰው ንስሐ ሲያስገቡ የኖሩ ሰው!

«አልዋሸችም» ይላሉ። ኦክሲጅኑ ድምፃቸውን ይውጠዋል፤ ደግመው ይሉታል። «አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስኳር አለብኝ። ከያዘኝም ቆይቷል።»

አልጋውን የከበቡት ጠያቂዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። የደብሩ ሽማግሌ አቶ ይስማው «ኧረ አባታችን…» ብለው ይጀምሩና ይተዉታል። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከገዛ ጫማቸው አያነሡም። ቢቆጧቸው ለቄሱ ይሻላቸው ነበር።

«ስኳር እኮ ተርቦ ያደገውንም ይይዛል፣ አባ» ይላል ዶክተሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚሁ ሰቆጣ ስንቱን ድሃ አክመናል። ምኑ ያሳፍራል?» ወደ ያለምዘውድ ዞሮ ኢንሱሊኑን እንድታመጣ ይነግራታል። ይቅርታ ግን አይጠይቃትም። «ለመሆኑ ከትናንት ጀምሮ ምን ቀመሱ?»

ሁሉም ጸሐይነሽን ያያል።

ጸሐይነሽ ማሩን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ዘግይታለች። «ማር… ማርም ስኳር ነው?»

«ነው» ይላል ዶክተሩ።

«እኔ ነኛ! በገዛ እጄ!»

«አይደለሽም፣ ልጄ። እያወቅሁ የዋጥሁት እኔ ነኝ።»

አትሰማቸውም። አልጋው ሥር ወድቃ የብርድ ልብሱን ጫፍ ትይዛለች። «ሳላውቅ ነው፣ አባቴ! የእግዚአብሔርን አገልጋይ መርዝ አጎረስሁ! ይፍቱኝ! አንድ ነገር ሳይሆኑ ይፍቱኝ!»

አቶ ይስማው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቄስ ሲፈታ እንዲህ ነው የሚቆመው።

ቄሱ እጃቸውን ትራሱ ሥር ሰደው መስቀላቸውን ያወጣሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ማለት ብቻ ነው የቀራቸው፤ በሕይወታቸው ስንት ሺህ ጊዜ ብለውታል። ዛሬ ግን ካሏት ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ይቀራል። ካላሏት ደግሞ ቄስ ገደልሁ እያለች ደሃና ትገባለች። አፋቸው ውስጥ ማሩ አሁንም ይጣፍጣል።

መስቀሉ ደረታቸው ላይ ነው፤ አልተነሣም። ጸሐይነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ መስቀሉን በግንባሯ እየፈለገች ወደ ላይ ትንጠራራለች።