ለዘመድ የማይበራ አምባር

ውብርስት በመሪነትና በማኅበረሰብ አገልግሎት የተሸለመችውን ዋንጫ እንደታቀፈች ከምረቃዋ በዓል ከእናቷ ጋር ቤት ገባች። እጇ ላይ ያለው አምባር ባዳ በረዳች ቁጥር አረንጓዴ ይበራል፤ ያልበራለት ተማሪ አይመረቅም። ዘመድ ሲረዱበት ግን አይበራም። በግቢው የእሷን ያህል የበራ አልነበረም።

የእናቷ የወይዘሮ አስካለ ግራ እጅ አልታዘዝ ካለ ዓመት አልፎታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የሹራባቸውን እጅጌ በጥርሳቸው ነክሰው መጎተት ጀመሩ። ውብርስት ክው አለች። ይህን መቼ ለመዱት?

«እማዬ፣ ቆይ እኔ ላውልቅልሽ።»

«ተይው፣ አትድከሚ። ዛሬ ዘግይታብኝ ነው እንጂ የጎረቤታችን የስንዱ ልጅ ናት የምታወልቅልኝ።»

«ዛሬ እኮ እኔ አለሁ!»

«አንቺማ ተመረቅሽ። እሷ ገና ናት፤ ዕድሏን አትዝጊባት።»

በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ገብታ ጎንበስ ስትል ወይዘሮ አስካለ ሳይጠየቁ ደህናውን እጃቸውን ዘረጉላት። አምባሯ በአሮጌው ሹራብ ላይ አረንጓዴ በራ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» አሏት፣ ጉንጯን ዳበስ አድርገው።

ውብርስት ዋንጫውን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችና ባለ አምባር እጇን በምረቃ ጋዋኗ እጅጌ ውስጥ ሸሸገች።