የይበልጣል ሹራብ

በነፍሰ ገዳይ አንጎል የሚተከለውን የእንስሳ ስሜት የሟች እናት እንድትመርጥ ሕጉ ይፈቅድላታል። የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ትርንጎ የበግን፣ የጅብንና የላምን ስሜት ተቀባይ ፕሮቲን ከአንጎላቸው አውጥታ አስተያየች፤ ጥጃዋ የሞተባትን ላም መረጠች። የልጇ የይበልጣል ገዳይ አጥናፉ፣ የገደለውን ልጅ ጠረን እንደ እናት ላም ሲናፍቅ ይኑር ብላ።

ይኸው ከተተከለበት ወዲህ በየማለዳው ደጇ ቆሞ ያለቅሳል።

«እትዬ ትርንጎ፣ በፈጠረዎት፣ ሹራቡን ላሽትተው! ላም እንኳ የጥጃዋ ቆዳ ገለባ ተሞልቶ ይቀርብላታል!»

«ቆይ፣ አመጣልሃለሁ» አለችው።

ከቀብሩ ወዲህ ውሃ ያላስነካችውን የልጇን ሹራብ በበረኪና ዘፍዝፋ አጠበችና አጥሩ ላይ አሰጣችለት። አሽትቶ ሲያጓራ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሹራቡ ሲደርቅ እንደ ልማዷ አቅፋ አፍንጫዋን ቀበረችበት። በረኪና ብቻ ሸተታት።