ከደጃፍ የተወሰደ

ሚልኪያስ መምህርነቱን ሲለቅ ለሰው ሁሉ «የራሴን ሚዲያ ልከፍት ነው» ብሎ ነበር። ምን ዓይነት ሚዲያ እንደሆነ ግን ገና አላወቀም።

ስለዚህ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ የጓደኛው የነስሮ ሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዞ የሰው ድረ ገጽ ያስሳል። የኳስ አየ፤ ሞልቷል። የምግብ አሠራር አየ፤ እሱ እንቁላል እንኳ ያሳርራል። የሥራ ማስታወቂያ አየና ለራሱ ሊያመለክት ቃጣው። በአምስተኛው ሳምንት «ደጃፍ» የሚባል የጎንደር ድረ ገጽ ላይ ወደቀ። በየቀኑ አንድ አሮጌ ፎቶ፣ ከሥሩ ስለ ፎቶው የሚያወራ የባለቤቱ ድምፅ።

«አገኘሁት!» አለ።

«ሰረቅሁት በል፣ አቦ» አለ ነስሮ፣ ዓይኑን ከሚበይደው ስልክ ሳያነሳ።

«ከሰው መማር ነው።»

«ወላሂ፣ ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«አምስቱ በር» የተባለው የሚልኪያስ ድረ ገጽ ተከፈተ። አንድ የሶፊ ወረዳ ገበሬ አባቱ በቅሎ ላይ ሆነው የተነሡትን ፎቶ አመጣ። ፋጡማ የምትባል ልብስ ሰፊ የሠርጓን ዕለት አመጣች። ፈላና በር ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ ገላነሽ ደግሞ በወጣትነታቸው ሕፃን ታቅፈው የተነሡትን ሰጡ፤ ስለ ሕፃኗ ሲናገሩ እንባ እየቀደማቸው ሚልኪያስ ቀረጻውን ሁለቴ አቋረጠ። ተመልካቹ እንደ ጉድ ጎረፈ።

በሳምንቱ መልእክት ደረሰው።

«የደጃፍ መሥራች ወለተሥላሴ ነኝ። ገጽዎ ላይ የእኔ የሆነ ነገር አይቻለሁ። ቅዳሜ ሐረር እገባለሁ።»

ሚልኪያስ መልእክቱን ለነስሮ አሳየው።

«ቶሎ አጥፋው» አለ ነስሮ።

«የገጹን ምስል ቀድማ አስቀርታ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው እግሯ ላይ ውደቅ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚልኪያስ የተቀጣጠሩበት ካፌ ውስጥ ሲጠብቅ፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት ፋይል በደረቷ አቅፋ ገባች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ያዘዘላትን ማኪያቶ አልነካችውም።

«ከየት እንዳገኙት ብቻ ይንገሩኝ» አለች።

የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ ጠፋው። «ከእርስዎ ነው። ሀሳቡን እንዳለ ከደጃፍ ነው የቀዳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።»

«እንዳይዘጉት!» ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ግን ስልኳን ከፍታ የወይዘሮ ገላነሽን ፎቶ አሳየችው። «እኚህ ሴት በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ቤታቸው ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ፋይሉን ከፈተች። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ያችው ሕፃን፣ ያው ጥብቆ፤ ያቀፈቻት ሴት ግን በመቀስ ተቆርጣ ሁለት እጆቿ ብቻ ቀርተዋል።

«አባቴ እናትሽ ሞታለች ብሎ ነው ያሳደገኝ» አለች።