ነጩ ቀለም ሲፋቅ

የቤቱ አባወራ ሚስት ከሞተች ዓመት አልሞላትም።

እሱ የጠራው አናጢ ግን መጣ። ማድ ቤት ገብቶ የካቢኔቶቹን በሮች እየነቀለ ግቢ ውስጥ ደረደራቸው። ሁሉም ነጭ ነበሩ። ያስቀባቻቸው ሟቿ ናት። ያኔ ማድ ቤቱ ነጭ ያልሆነ ሰው እንግዳ ለመጥራት ያፍር ነበር።

አማቱ፣ የሟቿ እናት፣ ይህን ያዩት ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ሊጠብቁ ሲመጡ ነው። በየቀኑ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ አባትየው ከሥራ ሲገባ ይመለሳሉ። እደሩ ሲባሉ እሺ ብለው አያውቁም። ቤቱን አይወዱትም። ቧንቧው ያፏጫል፣ ነጩ ካቢኔት ክሊኒክ ይመስላል፣ ጨው ለማውረድ በርጩማ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፣ የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ልጃቸው በሕይወት ሳለችም ይህንኑ ይሏት ነበር።

አሁን ግን ያ ነጭ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ሲያዩ አላስቻላቸውም።

"የልጄን ቀለም ለምን ታስፍቀዋለህ?" አሉት አማቻቸውን።

"የእንጨት መልክ ተመልሶ መጥቷል እኮ እማማ። ፋሽን ነው።"

አናጢው በዚህ መሃል ጣውላ ይዞ መጣና፣ እባክዎ ክንድዎን አጠፍ አድርገው ይቺን ግድግዳው ላይ ይደግፉልኝ አላቸው። ሥራ ፈት መስየዋለሁ ማለት ነው ብለው እያጉረመረሙ ደገፉለት። እሱም ከጆሮው ላይ እርሳስ አውርዶ ክርናቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ጫር ጫር አደረገ።

እሳቸው ያሰቡት ስለ ፋሽኑ ነበር። አማቻቸው አንዱ እግሩ ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ካልሲ አድርጎ ሥራ የሚሄድ ሰው ነው። ፋሽንን ከየት አወቃት? መልሱን ራሳቸው ሰጡት። ሴት አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማስረጃ ሆነ። አማችየው ቫርኒሽ ቫርኒሽ እየሸተተ አምሽቶ መግባት ጀመረ። ኪሱ በእንጨት ቁራጮች ተሞላ። አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ አንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ። መስኮት ላይ ደርድሮ ራሱን እያከከ ያያቸዋል። ልጃቸውን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።

ልጅቷን በብስኩት ሊያወጣጧት ሞከሩ።

"አባዬ ማንን ነው የሚያመጣው የኔ እናት?"

ልጅቷ ብስኩቱን አጣጥማ ከጨረሰች በኋላ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። "ምስጢር ነው።"

ሁለተኛውም ብስኩት ያንኑ መልስ አገኘ።

ያን ቀን ተደብቀው አለቀሱ። የእንጀራ እናት ከገባች ልጅቷ ሌላዋን እማዬ ማለቷ አይቀርም። እሳቸው በር አንኳኩተው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ የሚቆሙ እንግዳ ይሆናሉ። ከልጃቸው የቀረቻቸው ደግሞ ይቺው አንድ ፍሬ ልጅ ናት።

በማግስቱ ለአናጢው ሻይ አፍልተው አጠገቡ ተቀመጡ። እንደ ዘበት አስመስለው፣ ሴትዮዋን አይተሃታል ወይ አሉት። አናጢው፣ ማድ ቤት የሚሠራ ሰው ምግብ የሚያበስለውን ሰው ክርን ሳይለካ ጣውላ እንደማይቆርጥ፣ ይህንንም ከአባቱ እንደተማረ አስረዳቸው።

"እና ለክተሃታል?"

"ለክቻለሁ። ቁመቷ አጭር ነው" አለ ሻዩን ፉት ብሎ። "ምላሷ ግን ይረዝማል።"

አማቱ ለአማቻቸው አዘኑለት። የዋህ ነው፤ ምላሰኛ ትጫወትበታለች።

አጭሯንም አገኟት። አምፖል ልገዛ ብለው ልጅቷን ይዘው አማቻቸው ቫርኒሽ የሚገዛበት ቀለም መደብር ሄዱ። ሻጯ ከባንኮኒው በላይ የምትታየው ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ስትቆም ብቻ ነው። ልጅቷን ስታይ በፈገግታ "ጩጬ" አለቻት፤ ቤት ውስጥ ብቻ የምትጠራበትን ስም። ከዚያ ወሬዋን ለቀቀችው። ነጭ ጊዜው አልፎበታል፣ ሰው ሁሉ የቀባውን እያስፋቀ ነው፣ መታጠቢያ ቤት እንኳ ሳይቀር የእንጨት መልክ ሆኗል። አማቱ አምፖሉን ሳይገዙ ወጡ።

ሥራው ያለቀው ቅዳሜ ነው። ካቢኔቶቹ ጠቆር ያለ ሻይ መስለዋል፤ የእንጨቱ መስመር በቀለሙ ውስጥ ያልፋል። ሁሉም ዝቅ ብለው ተሰቅለዋል። መታጠቢያ ቤትም መስታወቱ ዝቅ ተደርጓል። አማቱ ገብተው ሲያዩ የተቆጣ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አገጫቸው ድረስ ታያቸው። ተመልሰው የካቢኔቱን በር በመዳፋቸው ዳበሱት። ያምራል። ይበልጥ ያናደዳቸውም እሱ ነው።

"መቼ ነው የምትገባው?" አሉ።

"ዛሬ" አለ አማችየው አንገቱን ደፍቶ። "አስቀድሜ ብናገር እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው የደበቅኩት።"

"እኔ ማን ነኝና እምቢ የምለው?" ነጠላ ጫማቸውንና መነጽራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። "አንድ ነገር ብቻ። ልጅቷ እናቷን እንዳትረሳ።"

"እርስዎ እያሉ አትረሳም።"

አናጢው ፒክአፑን አስነሳ። አማቱ ልጅቷን ታቅፈው ጋቢና ተቀመጡ። አማችየው ከኋላ ወጣ። ሊሸኟቸው መቸኮላቸው ራሱ ከበዳቸው፤ ሴትዮዋ እየጠበቀች ይሆናል።  ልጅቷ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሊያመልጣት ሲል አፏን ትይዛለች።

ቤታቸው ሲደርሱ ወርደው በሩን ከፈቱ። ልጅቷን ስመው ሊሰናበቱ ዞር አሉ። አማችየው ግን በአጠገባቸው አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። አናጢው ገመድና መፍቻ ይዞ ተከተለው።

የዚያን ቀን የመጨረሻ ሥራው የአማቱን አልጋ ፈትቶ ወደ አማችየው ቤት ለመውሰድ መኪናው ላይ መጫን ነበር።