በፎሌ ወደ ማትሪክ

ቁልቁለቱ መሐል ላይ ቮልሴን ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አደረጋትና ዝም አለች።

"ቤንዚን አለቀ አይደል፣ አባዬ?" ትላለች ልጄ ወይንሸት።

"ማለቅ? እኔ ነኝ ያጠፋኋት! ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ቁልቁለት የሚወረደው ማርሽ ነቅሎ በፎሌ ነው። እኔ በፎሌ ናዝሬት ደርሼ ተመልሻለሁ።"

ከናዝሬት መመለሻው አቀበት መሆኑን አላነሣችብኝም። ዐይኗ መጽሐፉ ላይ ነው። ዛሬ ማትሪክ ትፈተናለች፤ መጀመሪያ ሒሳብ። የፈተናው ግቢ ከፊታችን ካለው ጉብታ ወዲያ ነው፤ በሩ ደግሞ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ከቦሌ እስከ ገርጂ "ልጄ ካልኩለስ ለአስተማሪዎቿ ታስረዳለች" ያላልኩት ሰው የለም።

"አንዷ ነገር እምቢ አለችኝ" ትላለች። "የቅጽበት ፍጥነት ይላል። በአንዲት ቅጽበት ስንት መንገድ ይኬዳል? ምንም! ታዲያ ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?"

"እሱማ ቀላል ነው" እላለሁ። ወዲያው የጎን መስታወቱን ማስተካከል ጀመርኩ።

ቁልቁለቱ አልቆ ጉብታውን ያዝነው።

"ስንት እየሄድን ነው?"

"ሰማንያ።"

አንገቷን ሰገግ አድርጋ የፍጥነት ቆጣሪውን ታያለች። "አርባ ነው፣ አባዬ። ኧረ ሠላሳ። ሃያ! ወርጄ ልግፋ?"

"በዩኒፎርም? እኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነጭነቱ ከጭቃ ገፍቼ ያወጣሁ ሰው ነኝ!"

የእጅ ፍሬኑ ግን አብዮቱ ሳይፈነዳ ነው የሞተው። ቮልሴ ከቆመች እኔ እግሬን ከፍሬን አላነሣም፤ ወይንሸት ብቻዋን አቀበት አትገፋም። አንድ ዓመት ሙሉ ያጠናችው እዚህ ዳገት ላይ ሊቀር ነው።

"አሥራ አምስት። አሥራ ሁለት። አሥር…" ድምጿ ተለወጠ። መጽሐፉን ዘጋችው። "አባዬ! ቅድም በአሥር በአሥር ነበር የሚወርደው። አሁን በሦስት፣ በሁለት። መቀነሱ ራሱ እየቀነሰ ነው! አቀበቱ እየተኛልን ነው!"

"እኔስ ምን አልኩሽ?" ምንም አላልኳትም።

"ቆጣሪው እኮ ስንት እንደሄድን አይደለም የሚነግረን። ልክ በአሁኗ ቅጽበት እንዳለነው ብንቀጥል፣ በሰዓት ስንት እንደምንሄድ ነው። ቅጽበቷ ውስጥ መንገድ የለም። ፍጥነት ግን አለ!"

መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ።

አንድ ሽማግሌ ከነፍየላቸው ደርሰው ቀደሙን። "ቆመች እንዴ፣ ጌታው?"

"እየሄድን ነው" ትላቸዋለች ወይንሸት።

መሪውን ይዤ ወደ ፊት ዘንበል አልኩ። መርፌው አሁንም ዜሮ ነው፤ አሮጌ ቆጣሪ ከአምስት በታች አያውቅም። መንገዱ ላይ የተጋደመው የባሕር ዛፍ ጥላ ግን የቮልሴን አፍንጫ ለቀቀ። ቀስ እያለ መስታወቱን ወጣ። ከጉብታው ወዲያ የግቢው በር ጫፍ ብቅ ሲል፣ ጥላው የልጄ ፊት ላይ ደረሰ።