የገበያው እስረኛ

የጥንት ቻይናን ሕግ ማጥናት የሚፈቀደው፣ የዚያ ዘመን የአንድ እስረኛ ትዝታ አእምሮው ውስጥ እንዲገባ ለፈረመ ተመራማሪ ብቻ ነው። ምሕረተአብ ከፈረመ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እጁ አፉ ጋ አይደርስም፤ ሚስቱ ትርሲት ታጎርሰዋለች።

ለምሳ የመጣችው እህቱ ሳቀች። «አሁንም እንደ ሙሽራ ታጎርሺዋለሽ? ወንድሜ ታድሎ!»

ትርሲትም አብራት ሳቀች። ትዝታው ባሏ አእምሮ ውስጥ የገባው ያ እስረኛ ገበያ መሀል ሲያቆሙት፣ አንገቱ ላይ በቆለፉበት ሰፊ ሳንቃ የተነሳ አላፊ አግዳሚው ካላጎረሰው መብላት እንደማይችል ለማን ትናገራለች?

እህቱ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ፣ ምሕረተአብ የጎረሰውን ዋጠና ግራ ቀኙን አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አላት በሹክሹክታ። «አሁን ሂጂ። ባልሽ እዚህ እንዳያይሽ።»