ለእናቴ ዐይን የሚሆን ሌንስ

«አየሁ፣ አየሁ፤ በጣም ያምራል» ትላለች እናቴ፣ ገና ዐይኗን ወደ ሌንሱ ሳታስጠጋ።

መነጽር ሠሪው ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ወደ መሬት አያለሁ። ቴሌስኮፔን ተሸክሜ፣ እናቴን አስከትዬ ስገባ «የሰማይ ዘበኛው ዛሬ በቀን መጣ» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። አሁን አይቀልድም። የምፈልገውን ቀድሜ በጆሮው ነግሬዋለሁ፤ ሰፊ እይታ ያለው የዐይን ሌንስ፣ መነጽር ላደረገ ሰው የሚመች።

ቴሌስኮፑን በሱቁ መስኮት በኩል ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጣሪያ አዙረነዋል። እዚያ ላይ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣለች። መነጽር ሠሪው ሲያነጣጥር ይህንን ጮክ ብሎ ስለተናገረ፣ እናቴን ምን አየሽ ስላት መልስ አታጣም።

«ሴትየዋን ነዋ። አንሶላ ታሰጣለች።»

«አንሶላው ምን ዓይነት ነው?»

ትንሽ ታስባለች። «ንጹሕ ነው።»

መነጽር ሠሪው ሳቁን በሳል ይሸፍናል።

የእናቴ ውሸት ዐይን ያወጣ ውሸት አይደለም። ሰው ቅር እንዳይለው የምትዋሸው ነው። ጨው የበዛበትን ምግብ ጣት ያስቆረጥማል እያለች አሟጣ ትበላለች። ጨረቃን ባሳየኋት ቁጥር «እንዴት ታምራለች» ስትለኝ ግን አምናት ነበር። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ወንበር ላመጣላት ወደ ቤት ስገባ፣ አቧራ እንዳይገባው ብዬ የቴሌስኮፑን አፍ በክዳኑ ገጠምኩት። ስመለስ ማንሳቱን ረሳሁ። እሷ ተቀምጣ ረጋ ብላ አየች። «የዛሬዋስ ከሌላው ቀን ትበልጣለች» አለችኝ።

ክዳኑን ያየሁት ዕቃውን ሳስገባ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ አልነገርኳትም።

እኔ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ስለ ሰማይ ካነሳሁማ አብሮ አደጎቼ እንኳን ስልካቸውን መነካካት ይጀምራሉ። «እስቲ ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ብላ፣ ጉልበቷ እያመማት ደጅ የምትወጣልኝ እሷ ብቻ ናት። እሷም አንድ ቀን እንኳን አይታ ካላወቀች፣ ለካስ ያን ሁሉ ምሽት ብቻዬን ነበርኩ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኔ ሌንስ ጠባብ ነው፤ መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ እስክትል ጨረቃዋ ተንሸራታ ትወጣለች። ደግሞም ሽፋሽፍት እስኪነካው ድረስ መጠጋት ይፈልጋል። መነጽሯን ካደረገች አትደርስበትም፤ ካወለቀች ሁሉም ነገር ብዥ ይልባታል። ይህንን አንድ ቀን ብትነግረኝ ኖሮ። ግን እንዴት ትነግረኛለች? እኔ አጠገቧ ቆሜ «አየሽ? አየሽ?» እያልኩ።

መነጽር ሠሪው ሁለተኛውን ሌንስ ይገጥማል። እናቴ ጎንበስ ብላ ቶሎ ቀና ትላለች።

«ይሄማ ግሩም ነው። በቃ ይሄ ይሁን፤ ሰውየውን አታድክመው።»

«እኔ አልደከመኝም እናቴ» ይላታል መነጽር ሠሪው። «አንድ ይቀረናል።»

ከታችኛው መሳቢያ ያወጣው ሦስተኛው የልጅ ጡጫ ያህላል። መስታወቱ ሰፊ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጎማ ወደ ታች ሲታጠፍ መነጽር ያደረገ ሰው ሳይቸገር ይጠጋዋል። መነጽሯን እንዳታወልቅ ይነግራታል። እኔ ቀድሜ አይቼ ምስሉን አጠራና እጄን ኪሴ እከታለሁ። ዛሬ «አየሽ?» አልልም።

እናቴ ታጎነብሳለች።

«አየሁ» የሚለው ቃል አይመጣም። ከንፈሯ ትንሽ ይከፈታል። ቀና ትልና በመስኮቱ ወደ ጣሪያው ታያለች፤ ተመልሳ ታጎነብሳለች። እንደገና ቀና ትላለች፤ እንደገና ታጎነብሳለች። አሁንም አልሆነም ማለት ነው እላለሁ በልቤ።

«ልጄ» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እንኳን ምንም የነካሁት ነገር የለም።»

«ምን ሆነ እማዬ?»

«ሴትየዋ ተዘቅዝቃለች።»

ቴሌስኮፔ ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ሰማይ ላይ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ስለማይለይ ነግሬያት አላውቅም። ማንም አልነገራትም። ይህንን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

መነጽር ሠሪው ሊያስረዳት አፉን ይከፍታል። ክንዱን ያዝ አደርገዋለሁ።

«ልክ ነሽ እማዬ። ተዘቅዝቃለች።»

ልቧ መለስ ይላል። ወገቧን ይዛ ትመቻቻለች። «እግሯ ወደ ላይ ነው» ትላለች። «ቀይ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳለች። አንሶላው ጫፉ ላይ ተቀዷል።» ደግማ አየት ታደርግና ትጨምራለች። «ያን ያህልም ንጹሕ አይደለም።»

መነጽር ሠሪው ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። እናቴ አትንቀሳቀስም። ቆይታ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ጨረቃዋም እንዲህ ቁልጭ ብላ ነው የምትታየው?» ትላለች።

«እንዲህ ነው» እላለሁ።

ዐይኗን ሳታነሳ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ እጅጌዬን ትፈልጋለች። ስታገኘው ሳብ ታደርገኛለች።

«ና እንጂ፣ እይ» ትለኛለች። ቦታውን ግን አትለቅልኝም።